ኮምፒዩተሩ ሲገባ ሹራው የት ቀረ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የሰውን ጥፋት መጻፍ ቀላል ነው፤ የራስን ጥፋት ለመጻፍ ግን ብዕር ይከብዳል። ቢሆንም ዛሬ ነጋዴው፣ ትምህርት ቤቱ፣ አንዳንድ መድረሳም ጭምር ሥራውን በኮምፒዩተር ለመምራት በተነሳበት ጊዜ፣ እኛ የሠራነው ስህተት ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ ልንነግራችሁ ወደድን።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ክረምት ነው። መካነ ሰላምን ለማያውቅ አንባቢ፣ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ላይ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ ተነስቶ የጉጉፍቱን ብርድ አቋርጦ፣ በጊምባና በአቀስታ በኩል የሚመጣው መንገድ እርሷን አልፎ ወደ ዓባይ ሸለቆና ወደ ጎጃም ይወርዳል። ከወግዲ፣ ከከላላና ከሳይንት የሚመጣው ነጋዴ ገሚሱ በመኪና፣ ገሚሱ አህያ ነድቶ ይገባል። እኛም በዚሁ አካባቢ ጧት በመድረሳ ሉሕ፣ ከቀትር በኋላ በትምህርት ቤት ደብተር ይዘን ያደግን መምህር ነን።

በአካባቢያችን ጥቂት ነጋዴዎች በሽርክና ያቋቋሙት አንድ የጅምላ ንግድ ድርጅት ነበር። ዱቄት፣ ሩዝ፣ ዘይትና ሳሙና ያከፋፍላል። ሥራው ሲሰፋ ወረቀቱ አስቸገረ። ገዢው መጀመሪያ ሽያጭ ክፍል ያስጽፋል፤ ከዚያ ሥራ አስኪያጁን ያስፈርማል፤ ሒሳብ ክፍል ይከፍላል፤ ማኅተም ያስመታል፤ መጨረሻ መጋዘን ይሄዳል። አንዷ ወረቀት መንገድ ላይ ከጠፋች ገዢው «ወረቀቴ የት ደረሰች?» እያለ ሲንከራተት ይውላል። ስለዚህ ሸሪኮቹ የሥራ ፍሰት መቆጣጠሪያ የሚባለውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከአዲስ አበባ ገዝተው አስመጡ። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ጊዜ ስለነበረና ኮምፒዩተር ጥቂት ስለምናውቅ «ኡስታዝ፣ እባክህ አግዘን» አሉን። ደስ እያለን ገባንበት።

ፕሮግራሙ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ ጉዳይ ከተከፈተ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ በማን እጅ እንዳለ ይመዘግባል። አንዱ ድርሻውን ሲጨርስ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ሰው ያስተላልፋል። ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ያለ ፈቃድ እንዳያልፍ በሩን ይዘጋል። ነገሩ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። በቅሬያችን ሰው ሲሞት ጥሪ ይነገራል፤ ማን መቃብር እንደሚቆፍር፣ ማን ውኃና እንጨት እንደሚያመጣ፣ ማን ለቀስተኛውን እንደሚያስተናግድ ሁሉም ድርሻውን ያውቃል፤ የቀረም ይጠየቃል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሲቀባበር የኖረው በዚህ ሥርዓት ነው። ነገር ግን የቅሬውን ሥርዓት ያወጡት ራሳቸው የቅሬው ሰዎች ናቸው። የኛ ሥራ እንደዚያ አልነበረም።

አንድ ምሽት ከመግሪብ በኋላ ሥራ አስኪያጁና እኛ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ማን እንደሚያዝ፣ ማን እንደሚፈቅድ፣ ማን እንደሚያወጣ በአንድ ወረቀት ላይ ሣልን። ዒሻእ ሳይደርስ ጨረስን። ብዙ ሰዎች በየቀኑ የሚኖሩበትን ሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ ብርጭቆ ሻይ ጨረስነው! መጋዘን ጠባቂውን አላማከርናቸውም። ለምን ቢባል፣ «ኮምፒዩተር አያውቁም» ብለን ነው።

እኒህ አባት ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ንብረት የጠበቁ ናቸው። በልጅነታቸው ከሸኽ ዘንድ ኪታብ ቀርተዋል። የግዕዙን ፊደል ብዙ አይጠቀሙበትም፤ አማርኛን የሚጽፉት እንደ ብዙ የወሎ ዑለማእና ደረሳ በዐጀሚ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል ነው። ከኪሳቸው አንዲት ደብተር አትለይም።

ሥራው ሰኞ ሐምሌ 15 ቀን በአዲሱ መንገድ ተጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ደሴ ሄዱ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የእርሳቸውን ፈቃድ ብቻ ስለሆነ ማንም ምንም ማውጣት አልቻለም። ገዢ ተሰለፈ። በመጨረሻ የይለፍ ቃላቸውን ለሽያጭ ሠራተኛዋ በስልክ ነገሩ። ከዚያ ቀን በኋላ የይለፍ ቃሉን ሁሉም አወቀው። ፈቃድ የሚሰጠው ማንም ሆነ ማን በኮምፒዩተሩ ላይ የሚወጣው የአንድ ሰው ስም ሆነ። መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ በወረቀት ይሠራል፤ መብራት ሲመጣ ወረቀቱን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ማን እንደሆነ አልተነገረም።

የዚያ ዓመት አረፋ ነሐሴ 5 ቀን ነበር። ከበዓሉ በፊት ሐሙስ ነሐሴ 2 ቀን ቆጠራ ተደረገ። ኮምፒዩተሩ 60 ኩንታል ፉርኖ ዱቄት አለ ይላል፤ መጋዘኑ ውስጥ የተገኘው 43 ነው። አሥራ ሰባት ኩንታል የለም።

ስብሰባ ተጠራ። አዛውንቱ ደብተራቸውን አውጥተው «እዚህ ላይ ተጽፏል» አሉ። ሒሳብ ሠራተኛው ተቀብሎ ገለበጠና «ይህን ማን ያነበዋል? ሰነድ አይደለም» ብሎ መለሰላቸው። ውድ አንባቢያን፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ዐጀሚ የምናነብ እኛ ነበርን። እጃችንን ዘርግተን ብንቀበል ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። እኛ ግን ያንን ፕሮግራም ወደን ስለነበር፣ ጥፋቱ ከፕሮግራሙ እንዳይሆን ፈለግን። «ቁጥር አይዋሽም» አልን።

አዛውንቱ ረጅም ጊዜ አዩን። ከዚያም ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ «እውነት ነው ልጄ፣ ቁጥር አይዋሽም። ያልነገሩትን ግን ከየት አምጥቶ ይናገራል?» ብለው ወጡ።

በወሎ ደጋ ላይ ወሬ ከመኪና ይቀድማል። ዐርብ ጁሙዓ ላይ ሰው ዓይን ዓይናቸውን ያያቸው ጀመር። ሌባ የሚል ቃል ማንም በአፉ አላለም፤ ነገር ግን አጠገባቸው የሚቀመጠው ሰው አነሰ። ይህን በዓይናችን አየን። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለን። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ባለማወቅ ሰዎችን በድለን በኋላ እንዳንጸጸት ያስጠነቀቀውን ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ አስተምረናል! አንቀጹ ወሬ ስለሚያመጣ አመጸኛ ሰው ይናገራል፤ ኮምፒዩተር ደግሞ አመጸኛ አይደለም። ቢሆንም አጣሩ የተባልነው እኛ ነን፤ ሳናጣራ የሰውን ክብር የነካነውም እኛ ነን።

በአረፋ ዋዜማ ከዐስር በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድን። «መርሐባ» ብለው ተቀበሉን፤ ቡና ተፈላ። አቦሉ እስኪወርድ ድረስ አንገታችንን እንደደፋን ነበርን። ከዚያ «አባባ፣ ደብተሩን ቢያሳዩን» አልን። ምንም ሳይሉ ሰጡን።

አነበብነው። ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣ ቢሮ ሳይከፈት፣ ከከላላና ከወግዲ የሚመጡ ነጋዴዎች ዕቃ በእምነት ይወስዱ ኖሯል። ፀሐይ ሳይበረታ ካልጫኑ ለገበያቸው አይደርሱም፤ ገንዘቡን በሚቀጥለው ገበያ ይከፍላሉ። ይህ ከድርጅቱ መቋቋም በፊት የነበረ፣ ሸሪኮቹም የሚያውቁት ልማድ ነው። በደብተሩ ላይ የወሰደው ሰው ስም፣ ቀኑ፣ የኩንታሉ ብዛት፣ ከሥሩም የሁለት ምስክሮች ስም ተጽፏል። ደመርነው፤ ልክ አሥራ ሰባት ሆነ። እኛ በሣልነው መንገድ ላይ ለዚህ ሥራ አንዲት ቦታ አልነበረችም፤ ዕቃ የሚወጣው ሽያጭ ክፍል ከተከፈተ በኋላ ነው ብለን ነበርና።

ከቁርኣን ሁሉ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ አትሰልቹ፣ ጸሐፊው በፍትሕ ይጻፍ፣ ምስክርም ይኑር የሚል መልእክት አለው። የድርጅቱን ሥራ በዚህ አንቀጽ መሠረት ሲሠሩ የኖሩት እኛ «አያውቁም» ያልናቸው አባት ነበሩ።

ከበዓሉ በኋላ በዚያው ስብሰባ ቦታ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት ዐፍው ጠየቅናቸው። ክብራቸው የተነካው በአደባባይ ነውና ይቅርታውም በጓዳ ሊሆን አይገባም ብለን ነው። «እኔስ ዐፍው ብያለሁ፤ ግን ነገ ሌላ ሰው እንዳይበደል ሥራውን አስተካክሉት» አሉን። በተከታዮቹ ገበያዎች የአሥራ ሰባቱም ኩንታል ሒሳብ አንድ ሳይጎድል ገባ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ማሰላሰልና ማንበብ ጀመርን። ያገኘነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚዘግቡት፣ በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን የሥራ ደብዳቤዎች ዓመት ሳይጻፍባቸው ይላኩ ነበር። አንድ ቀን ሻዕባን የሚል የጊዜ ገደብ ያለበት ሰነድ ቀረበላቸው። የትኛው ሻዕባን? ያለፈው ነው፣ ያለንበት ነው ወይስ የሚመጣው? የሚል ጥያቄ ተነሳ። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪም (ረ.ዐ) ቀን የሌላቸው ደብዳቤዎች እንደሚደርሷቸው ጽፈው ነበር። ዑመር መሪ ነበሩ፤ «ከነገ ጀምሮ እንዲህ ይሁን» ማለት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ሶሐባዎችን ሰብስበው አማከሩ። አንዱ የሮማውያንን፣ ሌላው የፋርሶችን አቆጣጠር አነሳ፤ በመጨረሻ ከሂጅራ ይቆጠር በሚለው ተስማሙ። ይህ የሆነው በ16ኛው ወይም በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ያ የቢሮ አሠራር ለውጥ እስከ ዛሬ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ነው። እኒሁ ዑመር የገንዘብና የሠራዊት መዝገብ የሆነውን ዲዋንም ከሌሎች ሕዝቦች ልምድ ወስደው አቋቁመዋል። ከሌላ ሕዝብ መሣሪያ መውሰድ ነውር የለውም፤ ነውሩ ሳይመካከሩ መጫን ነው።

በኛ ዘመንም ምሳሌ አለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የመኪና ፋብሪካ ፎርድ ለዕቃ አቅራቢዎች ክፍያ የሚፈጽም ክፍሉ በሰሜን አሜሪካ ብቻ ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ኮምፒዩተር ጨምሮ ቁጥሩን ወደ 400 ለማውረድ አሰበ። የጃፓኑ ማዝዳ ግን ያንኑ ሥራ በ5 ሰዎች እንደሚሠራ አየ። ማዝዳ አነስ ያለ ድርጅት ቢሆንም ልዩነቱ በመጠን ብቻ የሚመጣ አልነበረም። የፎርድ ሠራተኞች ጊዜያቸውን የሚያጠፉት የግዢ ማዘዣ፣ የርክክብ ሰነድና የሻጩ ደረሰኝ እርስ በርስ አልገጥም ሲል በመመርመር ነበር። ስለዚህ መንገዱን ራሱን ለወጡት፤ ዕቃው ሲራገፍ ተረካቢው ከማዘዣው ጋር በኮምፒዩተር ያመሳክራል፣ ከገጠመ ክፍያው ይታዘዛል፤ የሻጩን ደረሰኝ መጠበቅ ቀረ። ማይክል ሐመር የተባሉት ምሁር ይህን በ1990 እ.ኤ.አ. ጽፈው፣ መጥፎ አሠራርን ኮምፒዩተር ላይ መጫን ጥፋቱን ማፋጠን ብቻ መሆኑን አሳዩ።

ይህ አስተሳሰብ ወደ አገራችንም ገብቷል። በ1994 ዓ.ም. በይፋ ከተጀመረው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ጋር «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» ወይም ሁሉም እንደሚጠራው ቢፒአር መጥቶ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እስከ ወረዳ ቢሮዎች ወርዷል። በርካታ ቦታ ጥቅም ሰጥቷል፤ በርካታ ቦታ ደግሞ የበሩ ላይ ጽሑፍ ተለውጦ ሰልፉ አልተለወጠም። ሐመር ራሳቸው በ1996 እ.ኤ.አ. መሐንዲስ ስለሆኑ የሰውን ነገር በሚገባ እንዳላዩት፣ ወሳኝ መሆኑንም በኋላ እንደተረዱ ለጋዜጣ ተናግረዋል። ጥፋትን ማመን ለታላላቆችም ነውና እኛም ተጽናናን። ከዚያ ወዲህ በአገራችን 30 ድርጅቶች ላይ ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት የጃፓኖቹ ካይዘን ደግሞ ከታች ይጀምራል፤ ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው የትኛው እንደሚሻሻል ራሱ እንዲያሳይ ያደርጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ለውጥን የሚቃወም ሁሉ እንደኛ አዛውንት እውነት ይዞ አይደለም። በኢራቅ የግብር መዝገቡ ከፋርስኛ ወደ ዐረብኛ በተዛወረበት በሐጃጅ ዘመን፣ ሥራውን የያዙት የፋርስ ጸሐፍት ተጨነቁ። በላዙሪ እንደዘገበው፣ መዝገቡን ለሚያዛውረው ለሷሊሕ ኢብን ዐብዱረሕማን «አልቻልኩም በልና 100,000 ዲርሃም ውሰድ» ተባለ፤ እርሱ ግን እምቢ ብሎ ሥራውን ፈጸመ። ለጥቅሙ ሲል የሚቃወም አለ፤ ያየውን ጉድለት ሊነግረን ሲል የሚቃወምም አለ። ሁለቱን የምንለየው ቁጭ ብለን ስናዳምጥ ብቻ ነው።

ወደ ድርጅቱ እንመለስና፣ ሁለተኛው ሥራችን በቢሮ ሳይሆን በመጋዘኑ በር ላይ ተጀመረ። ከመድረሳ ጥቁር ሰሌዳ ተውሰን፣ ለሦስት ቀን ከአዛውንቱ፣ ከጫኝና አውራጁ፣ ከሽያጭ ሠራተኛዋና ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ተቀመጥን። እያንዳንዱ የሚሠራውን ራሱ ተናገረ፤ እኛ ጻፍን። ብዙ ነገር ወጣ። አንድ ወረቀት ላይ ከሚያርፉት ስድስት ፊርማዎች አራቱ ምንም የማይመረምሩ፣ በልማድ ብቻ የሚፈረሙ ሆነው ተገኙ፤ ቀሩ። ሥራ አስኪያጁ ሲሄዱ በስሙ የሚፈቅድ ተወካይ ተሰየመ። ሁሉም የራሱ የይለፍ ቃል ኖረው፤ የይለፍ ቃል ፊርማ ነውና ለሌላ አይሰጥም ተባለ። የሱብሒው ዕቃም በፕሮግራሙ ውስጥ የራሱን ቦታ አገኘ። አንድ ወጣት እየታዘዘ አዛውንቱ የሚሉትን ያስገባል፤ ደብተሩም አልተጣለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ሥራው ያልቆመው በዚያ ደብተር ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ሌላም ነገር አስታውሱ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጥሮ ሰዎች ከሌላቸው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው 801 ሚሊዮን ብር ያህል ወጥቷል፤ ከአውጪዎቹም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ያን ሌሊት በር የሚዘጋ ማሽን አልነበረም። ከሐራም የሚመልስ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም በሰው ልብ ውስጥ ያለው አማና ነው። ቀድሞ እጁን የሰበሰበ አለ፤ ተሳስቶ ወስዶ የመለሰም ብዙ አለ። ፕሮግራም ለአማና ይረዳዋል እንጂ አይተካውም።

እንግዲህ በቤታችሁ፣ በሱቃችሁ ወይም በመድረሳችሁ አዲስ አሠራር ለማስገባት የምታስቡ፣ ፕሮግራሙን ከመግዛታችሁ በፊት «ይህን ሥራ በእጁ የሚሠራው ማነው? ጠይቀነዋል ወይ?» በሉ። የማይጠየቀው ሰው ኋላ የሚበደለው ሰው ነው። ሹራ ለመንግሥት ጉዳይ ብቻ የተባለ አይደለም፤ ለአንድ መጋዘን በርም ነው።

አዛውንቱ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ አልሐምዱ ሊላህ። ሥራውን ለወጣት አስረክበው ቤታቸው ተቀምጠዋል። በየዓመቱ አረፋ ሲደርስ ልንዘይራቸው እንሄዳለን። ባለፈው ጊዜ ዕድሜ ያስቆጠረችውን ደብተር ከሣጥን አውጥተው፣ «እንካ ልጄ፣ አንተ ማንበብ ትችላለህ» ብለው ሰጡን። አላህ ዕድሜያቸውን ይባርክ፤ እኛንም ከማወቃችን ይልቅ የመጠየቅ ልብ ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።